አዲስ የገዛችኋትን ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት፦ ለጠባብ ግቢ የሚሆን የ30 ቀን ለይቶ ማቆያ አሠራር

ጎንደር ውስጥ ዶሮ ሚያረባው ሰው አብዛኛው ሰፊ እርሻ ያለው አይደለም። ግቢው ጥግ ላይ በቆርቆሮና በእንጨት የተሠራች ቤት አለችው፣ አምስት ስድስት እንቁላል ጣይ ዶሮ አለችው፣ ከዛ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ሁለት ቄብ ይገዛል ወይ ደምቢያ ያለ ዘመድ አንድ አውራ ይልክለታል፣ እቤት ሲደርስ የእግሯን ገመድ ይፈታና እዛው ከነባሮቹ መሃል ይለቃታል። የሰው ዶሮ ሙልጭ ብሎ ሚያልቀው ብዙ ጊዜ እዚች ጋ በተሠራ ነገር ነው። አዲሷ ዶሮ ላይ ላዩን ጤነኛ ሆና በሽታ ይዛ ልትመጣ ትችላለች፣ ምልክቱ እስኪወጣ ቀናት ይፈጃል፣ በወጣ ጊዜ ደሞ ነባሮቹም ይዟቸዋል።

ይሄን ስናገር ቶሎ ሚመጣው መልስ "ለይቼ ማስቀምጥበት ቦታ የታለኝ" ነው። እውነት ነው ግቢው ጠባብ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ሦስት አራት ተከራይ አንድ ግቢ ይጋራል። ግን በጠባብ ግቢ ውስጥ በሽታውን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሚያመላልሰው በዋናነት የናንተ እጅ፣ የናንተ ጫማ፣ እና ለሁሉም ምታዞሩት ያው አንድ የውሃ ጣሳ ነው። እነዚህን ሦስቱን ከያዛችሁ ጥቂት ሜትር ርቀት ባለው ቦታ እንኳን ብዙ ነገር ማስቀረት ይቻላል። ሙሉ ዋስትና ነው አልልም፣ ፈንግል ሚባለው ዶሮ ጨራሽ በሽታ በትንፋሽና በአቧራም ስለሚተላለፍ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይሻላል። ዶሮ የሌለው እህት ወንድም ወይ ጓደኛ እዛው ከተማ ካላችሁ ደሞ ወሩን እሱ ጋ ብታቆዩዋት ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም።

ለምን 30 ቀን?

እያንዳንዱ በሽታ ዶሮዋ ውስጥ ከገባ በኋላ እስኪታይ የራሱ ጊዜ አለው። ኮራይዛ ሚባለው ፊት ሚያሳብጥና አፍንጫ ሚያዝረከርክ በሽታ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይታያል፣ የዶሮ ፈንጣጣ ከ4 እስከ 10 ቀን። ፈንግል፣ ማለትም ኒውካስል፣ ብዙ ጊዜ በ5ኛው በ6ኛው ቀን ይጀምራል ግን ከ2 እስከ 15 ቀን ሊዘገይ ይችላል፣ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ለጥንቃቄ ብሎ 21 ቀን ነው ሚይዝለት። የቅማል እንቁላል ደሞ በሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፣ ስለዚ ዛሬ ያጸዳችኋት ዶሮ ሳምንት ቆይታ እንደገና ቅማል ይኖራታል። ይሄ ሁሉ ሲደመር ከ14 ቀን በታች ያለው መለየት ሳይሆን ማሳረፍ ነው፣ 21 ቀን ደህና ነው፣ 30 ቀን ግን ከበሽታው ጊዜ በላይ ለክትባትም ለሁለተኛ ዙር የተባይ ማጽዳትም ይበቃል። እኔ 30ውን ነው ምመክረው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀኑ ሚቆጠረው መጨረሻ ከገባችው ዶሮ ነው። 20ኛው ቀን ላይ "አንድ ልጨምር" ብላችሁ ሌላ ዶሮ እዛው ከከተታችሁ ለሁሉም ከ1 ይጀመራል።

መጀመሪያ ቦታውን፣ ከዛ ዶሮዋን

ዶሮዋን ገዝቶ ቦታ መፈለግ ሳይሆን ቦታውን አዘጋጅቶ መግዛት ነው። ለሁለት ሦስት ዶሮ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይበቃል። ትልቅ የዶሮ ቅርጫት፣ የፍራፍሬ ሳጥን፣ የድሮ ቁም ሳጥን በሽቦ ተዘግቶ፣ የእንጨት ኬጅ፣ ያገኛችሁት ይሆናል፣ ዋናው አየር ይግባበት፣ ከላይ ዝናብ አይምታው፣ ድመትና አይጥ አይግባበት።

የት ይቀመጥ ሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ ምክንያቱም ጎንደር ሜዳ አይደለችም። ግቢያችን አብዛኛው ተዳፋት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ከላይ ያለው ኩስ ሁሉ ታጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚ አዲሶቹ ከታች፣ ነባሮቹ ከላይ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ያን ሁሉ ጥንቃቄ አንድ ዶፍ ዝናብ ጠርጎት ይሄዳል። ቦታ ምርጫ ከሌላችሁና አዲሶቹ ከላይ መሆናቸው የግድ ከሆነ ውሃው ወደ ሌላ እንዲሄድ በዶማ ትንሽ ቦይ አውጡ። ነፋሱንም እዩት፣ ግቢያችሁ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ የልብስ ማድረቂያው ገመድ ላይ ያለው ልብስ ይነግራችኋል፣ ነፋሱ ከአዲሶቹ ወደ ነባሮቹ አይሁን።

ማድ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ጭሱ ለመተንፈሻዋ ጥሩ አይደለም፣ ካሳላት ደሞ ከጭሱ ይሁን ከበሽታ መለየት አትችሉም፣ በዛ ላይ ምግብ ሚሠራበት ቦታ የዶሮ ኩስ ሳልሞኔላ ሚባለውን ሰውን ሆድ ሚያሳምም ጀርም ሊያመጣ ይችላል። ምትተኙበት ክፍልም አይሆንም። ሰርቪስ ክፍል፣ ደረጃ ሥር፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለው ጥግ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ በረንዳ፣ እነዚህ ይሆናሉ። ኅዳር ታኅሣሥ ላይ የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፣ በዛ ወቅት በሦስት ጎን በካርቶን ወይ በማዳበሪያ ጆንያ ከልሉት፣ አንዱን ጎን ግን ለአየር ተዉት።

ከዛ የራሱ የሆነ ዕቃ። አንድ የውሃ ዕቃ፣ አንድ የመኖ ዕቃ፣ አንድ መጥረጊያ፣ አንድ ኮንጎ ጫማ፣ አንድ አሮጌ ሸሚዝ ወይ ሽርጥ። ሁሉም ላይ ቀይ ቀለም ወይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀይ ያለበትን ዕቃ ወደ ነባሮቹ ይዞ እንዳይሄድ። ልጆች ካሉ እነሱን ቁጭ አርጎ ማስረዳት ያስፈልጋል፣ አዲስ ዶሮ ስትመጣ መጀመሪያ ሮጠው ሚያቅፏት እነሱ ናቸው፣ ከዛ ሄደው ነባሮቹን። ግቢ ምትጋሩ ከሆነም ለጎረቤት ንገሩ፣ በተለይ እነሱም ዶሮ ካላቸው።

ወለሉ ላይ የመጀመሪያውን ሳምንት ጭድም ሰጋቱራም አታንጥፉ፣ ካርቶን ወይ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፉ። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ገበያ ላይ

በቃ ግማሹ ሥራ እዚህ ነው ሚያልቀው። ሻጯን ጠይቁ፣ "እማማ፣ ይቺን ራስዎ ነዎት ያሳደጓት ወይስ ገዝተው ነው ሚሸጧት? ሰፈራችሁ ዶሮ እየሞተ ነው እንዴ?" ቤቷ ያሳደገች ሴት ዶሮዋ መቼ እንደተፈለፈለች ሁሉ ትነግራችኋለች። ከብዙ ቦታ የለቀመ ነጋዴ ግን አያውቅም፣ የሱ ዶሮዎች ከየቦታው መጥተው አንድ ቅርጫት ውስጥ ሲተነፋፈሱ ነው የዋሉት። ሳሶ ወይ ቦቫንስ ሚባሉትን የውጭ ዝርያ የ45 ቀን ጫጩቶች ከሆነ ምትገዙት የትኛውን ክትባት መቼ እንደወሰዱ ጠይቁ፣ ደህና አሳዳጊ ይሄን መዝግቦ ይይዛል።

ከመክፈላችሁ በፊት ዶሮዋን አንሱ። ዓይኗ ንጹህና የተከፈተ ይሁን፣ አረፋ ወይ ዕንባ የሌለው። አፍንጫዋን በጣት ጫን ስትሉት ፈሳሽ አይውጣ። አናቷ ላይ ያለው ሥጋ ቀይ ይሁን፣ ጥቁር ቅርፊት ካለበት ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል። የደረት አጥንቷን ዳብሱ፣ ግራና ቀኙ ሥጋ ይኑረው፣ እንደ ቢላ ስለት እጅ ሚቆርጥ ከሆነ ወይ ትል አለባት ወይ ሌላ የቆየ በሽታ። የእግሯ ቅርፊት ተነስቶ ነጭ አቧራ መሳይ ነገር ከያዘ የእግር እከክ ነው። መቀመጫዋ አካባቢ ያለው ላባ ላይ ኩስ ተለጥፎ ከደረቀ ተዋት። እሷን ብቻ ሳይሆን አጠገቧ ያሉትንም እዩ፣ ቅርጫቱ ውስጥ አንዷ እንኳን አንገቷን ደፍታ ላባዋን ነፍታ ከቆመች ከዛ ቅርጫት ምንም አትግዙ፣ ምንም ያህል ርካሽ ብትሆን።

ስትወስዷት እግሯን አስራችሁ ቁልቁል አንጠልጥላችሁ አትሂዱ፣ በጣም ትጨነቃለች፣ የተጨነቀች ዶሮ ደሞ ውስጧ ያለው በሽታ ቶሎ ይነሳባታል። ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ አርጋችሁ በባጃጅ ውሰዷት፣ ካርቶኑን እቤት ስትደርሱ አቃጥሉት።

የበዓል ዶሮም እንግዳ ናት

ይሄን ለብቻው ማወራው ብዙ ሰው ለእርባታ ሚገዛትን ብቻ ነው ለይቶ ሚያስቀምጠው። ለፋሲካ ወይ ለገና ሊታረድ የተገዛው አውራ ሦስት ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ ይውላል፣ ከነባሮቹ ጋር ጥሬ ይለቅማል፣ በዓሉ ያልፋል፣ ከሳምንት በኋላ ዶሮዎቹ መሞት ሲጀምሩ ሰው "ቡዳ በላብኝ" ወይ "መኖው ነው" ይላል፣ አውራው ተበልቶ ስላለቀ ማንም አያስታውሰውም። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ እናት ያላቸውን እንቁላል ጣዮች በሙሉ ያጡት ልክ እንደዚህ ነው። የበዓል ሰሞን ደሞ ገበያ ውስጥ ከየገጠሩ የመጣ ዶሮ ሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ በሽታው ሚዘዋወርበትም ጊዜ ነው፣ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ።

ስለዚ ለመታረድ የተገዛውም ለይቶ ማቆያው ውስጥ ይግባ። ሲታረድ ከነባሮቹ ራቅ አርጉት፣ ላባው የተነጨበትን ውሃ ግቢ ውስጥ አትድፉ፣ ላባውንና አንጀቱን ቅበሩ ወይ አቃጥሉ። ነባሮቹ አንጀቱን እየጎተቱ እንዲበሉ መተው ትልቁ አደጋ እሱ ነው።

የገባች ቀን

ውሃ ስጧት፣ ትንሽ ስኳር ጣል ብታረጉበት ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያበረታታታል። አንዲት ዶሮ በቀን 200፣ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፣ ይሄን ካወቃችሁ በነጋታው ምን ያህል እንደጠጣች ማየት ትችላላችሁ። መኖ የለመደችውን ብትሰጧት ጥሩ ነው፣ ከገጠር ከሆነች ማሽላ ወይ በቆሎ፣ ከዛ ቀስ እያላችሁ ወደናንተው መኖ። እርጥብ እንጀራ ካስተረፈች አንሱት፣ ይሻግታል።

ማታ ላይ፣ ዶሮ ሲጨልም ስለምትረጋ፣ ባትሪ ወይ የስልክ መብራት ይዛችሁ ተባይ ፈልጉ። ይሄ ማንም ሚዘለው ግን እኔ በጣም ምወደው ሥራ ነው። ዶሮዋን ጭናችሁ ላይ አስተኙ፣ መቀመጫዋ ሥር ያለውን ላባ በሁለት አውራ ጣት ክፈቱት። ቅማል ካለ ቢጫ ጤፍ ሚያካክሉ ነገሮች ቆዳው ላይ ከብርሃኑ ሲሸሹ ታያላችሁ፣ የላባው ሥር ላይ ደሞ ነጭ ጓል ተጣብቆ ይገኛል፣ እሱ እንቁላሉ ነው። ክንፏ ሥርም እንደዛው እዩ። ቀዩ ደቃቃ ተባይ ግን ቀን ዶሮዋ ላይ አይገኝም፣ ሌሊት ከቆጡና ከሳጥኑ ስንጥቅ ወጥቶ ደም መጥጦ ይመለሳል፣ እሱን ምትፈልጉት እንጨቱ ላይ ነው፣ ነጭ ወረቀት ወይ ሶፍት ስንጥቁ ላይ ስታሹበት ቀይ ደም ከነካው አለ ማለት ነው። ይሄኛው ሳይበላ ለወራት መኖር ስለሚችል አንዴ ዋናው ቤት ከገባ ማስወጣቱ በጣም አድካሚ ነው፣ ለዚህ ነው እዚሁ ማቆያው ላይ ሚያዘው።

ለቅማል ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ለዶሮ ተብሎ ሚሸጥ ዱቄት አለ፣ መጠኑን እዛው ጠይቁ፣ ለከብት ሚረጨውን በግምት በጥብጣችሁ ዶሮ አትንከሩ፣ ይገላታል። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ውስጥ ድገሙት። የቀዘቀዘ የእንጨት አመድ በሳፋ አርጋችሁ ብታስቀምጡላት ራሷ ትታጠብበታለች፣ ያግዛል ግን ብቻውን አይበቃም። ለእግር እከክ እግሯን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ ቫዝሊን በወፍራሙ ቀቡ፣ በየሁለት በየሦስት ቀኑ፣ ተባዩ አየር ያጣል።

የየቀኑ ሥርዓት

ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፣ አይለወጥም። መጀመሪያ ነባሮቹ፣ መጨረሻ አዲሶቹ። ጠዋት ነባሮቹን መግባችሁ፣ ውሃ ቀይራችሁ፣ እንቁላል ለቅማችሁ ስትጨርሱ ነው ቀዩን ጫማና ሽርጥ አርጋችሁ ወደ አዲሶቹ ምትሄዱት። ከአዲሶቹ በኋላ በዛው ቀን ወደ ነባሮቹ መመለስ የለም፣ ግድ ከሆነ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ ጫማና ልብስ ተቀይሮ ነው። ከተቻለ ጭራሽ ሌላ ሰው አዲሶቹን ይያዝ፣ ባልየው አንዱን ሚስትየው አንዱን፣ እንደዛ ሲሆን በጣም ይቀላል።

ማቆያው በር ላይ በረኪና ያለው ውሃ በሳፋ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፣ አንድ ኩባያ በረኪና ለዘጠኝ ኩባያ ውሃ። ግን ኩስና ጭቃ የያዘ ጫማ በረኪና ውስጥ ቢነከር ዋጋ የለውም፣ ቆሻሻው በረኪናውን ያደክመዋል፣ መጀመሪያ በብሩሽና በሳሙና ይታጠብ ከዛ ይነከር፣ ውሃውም በየቀኑ ይቀየር። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ፣ የረጠበ ኩስ ላይም አትድፉት፣ መጥፎ ጋዝ ያወጣል። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር በየቀኑ ይሄን ማድረግ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ለዛ ነው የተለየ ጫማ ከሳፋው በላይ ሚጠቅመው፣ ጫማው እዛው በር ላይ ይቀራል፣ ምንም ውሃ አይፈልግም። ጀሪካን ውስጥ ካለችው ውሃ ቅድሚያ ለእጅ መታጠቢያ።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ኩስ በየጠዋቱ እዩ። ጭድ አታንጥፉ ያልኩት ለዚህ ነው፣ ጭድ ውስጥ ይደበቃል። ጤነኛ ኩስ ጠንከር ያለ፣ ቡናማ ወይ ግራጫ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ያለው ነው። በቀን የተወሰነ ጊዜ ደሞ ቡናማ፣ ሚያጣብቅ፣ በጣም ሚሸት ኩስ ትጥላለች፣ ብዙ ሰው እሱን አይቶ ይደነግጣል ግን ጤናማ ነው። ሚያስደነግጠው አረንጓዴ ውሃ መሳይ ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ ወይ ትል ከታየበት ነው። ደም ያለበት በተለይ ጫጩትና ቄብ ላይ ኮክሲዲዮሲስ ሚባለውን የአንጀት በሽታ ያስጠረጥራል፣ እርጥበት ሲኖር በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ኩሱ ውስጥ ያለው ነገር ሌላዋን ሚይዝ ይሆናል፣ ስለዚ ካርቶኑን በየቀኑ ቀይሩ፣ አሮጌውን አቃጥሉ። አረንጓዴው ከመጀመሪያው ቀን መራብ ሊመጣ ይችላል፣ ከበላች በኋላም ከቀጠለ ግን አሳሳቢ ነው።

ማታ ደሞ ጸጥ ሲል ጠጋ ብላችሁ አዳምጡ። ጤነኛ ዶሮ ስትተኛ ድምፅ የላትም። ሲር ሲር ሚል፣ ቀጭ ቀጭ ሚል፣ ወይ አፏን ከፍታ ምትተነፍስ ከሆነ መተንፈሻዋ ታሟል። ያያችሁትን ነገር ሁሉ ስልካችሁ ላይ በቀን ጻፉት፣ የኩሱንም ፎቶ አንሱ፣ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ከብዙ ወሬ አንድ ፎቶ ይበልጣል።

ክትባቱ

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም ካለፈና ዶሮዋ እየበላች ከሆነ ያልተከተበችውን ማስከተብ ነው፣ የታመመች ዶሮ አትከተብም። ለፈንግል ለጫጩት በዓይን ጠብታ ሚሰጠው ኤች ቢ ዋን ነው፣ ከፍ ላሉት ላሶታ ሚባለው በሚጠጡት ውሃ ይሰጣል። ክትባቶቹ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይመረታሉ። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው ሚሆነው፣ ለሁለት ዶሮ ተብሎ አይከፈትም፣ ስለዚ የሰፈር ዶሮ አርቢዎች ተሰባስባችሁ ገዝታችሁ በአንድ ጠዋት ሁላችሁም ብትሰጡ ወጪውም ይቀላል ሰፈሩም በአንዴ ይጠበቃል። ነባሮቹንም በዛው አስከትቡ፣ እንደውም አዲስ ከመግዛታችሁ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ብታስከትቧቸው የበለጠ ነው።

ላሶታ ቀዝቃዛ ነገር ይፈልጋል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ በረዶ ባለው ቴርሞስ ነው ምታመጡት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክትባቱን ይገለዋል፣ የጉድጓድ ወይ ንጹህ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ፣ ቧንቧ ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ አሳድሩት፣ ስብ የሌለው የዱቄት ወተት በሊትር 2 ግራም ብትጨምሩበት ደሞ የቀረውን ክሎሪን ይይዝላችኋል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ በሳሙናም በበረኪናም በዛን ቀን አይታጠብ። ጠዋት በማለዳ አንድ ሁለት ሰዓት አስጠምታችሁ ስጡ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። ከክትባቱ በኋላ ለጥቂት ቀናት ትንሽ ማስነጠስ ሊኖር ይችላል፣ እሱ ክትባቱ ነው። መከላከያው በደንብ እስኪገነባ ሁለት ሳምንት ስጡት።

ለትል መድኃኒትም በዚሁ ጊዜ ነው፣ ፒፔራዚን ወይ አልቤንዳዞል፣ መጠኑን በክብደቷ ሐኪሙ ይንገራችሁ፣ እንቁላሏን ለስንት ቀን እንደማትበሉም አብራችሁ ጠይቁ።

ብትታመምስ?

አንገት መጠምዘዝ፣ እግርና ክንፍ መስነፍ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ድንገት መሞት፣ እነዚህ ሲሰባሰቡ ፈንግል ነው ብላችሁ ተነሱ። መድኃኒት የለውም። የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ውሃ ውስጥ መበተን በጣም ተለምዷል፣ ይሄን እባካችሁ ተዉት፣ ፈንግል ቫይረስ ነው አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ ሌላ በሽታ ከሆነ ደሞ ምልክቱን ብቻ ደብቆ ዶሮዋ በሽታ ተሸካሚ ሆና ወደ ነባሮቹ እንድትገባ ያረጋል፣ እንቁላሉ ውስጥም ይቀራል። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ አረቄ ሚሰጡም አሉ፣ ከፈንግል አያድኑም።

ከተማችን ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ የቀበሌና የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም አሉ። ቶሎ አሳውቁ። ስትሄዱ ሌሎች ዶሮዎችን ይዛችሁ አትዙሩ፣ እሷንም በተዘጋ ካርቶን ነው። እና በፍጹም፣ በፍጹም የታመመችውን ቶሎ ብላችሁ ገበያ አውጥታችሁ አትሽጡ። የሌላ ሰው ቤት፣ ምናልባት በእንቁላል ልጆቿን ምታስተምር እናት ቤት ነው ምትገባው። የሞተችውን ቀሃ ወይ አንገረብ ወንዝ ላይ መጣልም እንደዛው ነው፣ ውሻ ማይቆፍረው ጥልቀት ላይ ቅበሩ፣ ኖራ ካለ በላዩ በትኑ። የታመመ ዶሮ የነካ እጅ ዓይን አይንካ፣ ፈንግል ሰው ላይ ዓይን ሊያቀላ ይችላል።

አራተኛው ሳምንት

አንዳንድ በሽታ አለ ዶሮዋ ድና ግን ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ምትዞረው፣ ኮራይዛ አንዱ ነው። እሷ ላይ 30 ቀንም 60 ቀንም ብታዩ ምንም አይታይም። ለዚህ ያለው መንገድ ከነባሮቹ አንዷን፣ የተከተበች ሆና ብትጠፋ ብዙም ማትጎዳችሁን፣ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ወደ አዲሶቹ ማስገባት ነው። አዲሶቹ ሚያስተላልፉት ነገር ካለ መጀመሪያ እሷ ላይ ይወጣል። ያሳዝናል፣ ግን አንዷን ማጣትና ሁሉንም ማጣት አንድ አይደለም። እስከ 30ኛው ቀን ደህና ከሆነች ወደ መቀላቀሉ ሂዱ።

ማቆያውንም ለሚቀጥለው ጊዜ አዘጋጁት። ካርቶንና ጭድ ይቃጠል፣ ዕቃ በሳሙና ከዛ በበረኪና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል። የኮክሲዲዮሲስን ዘር በረኪና አይገድለውም፣ እንጨቱ ላይና ስንጥቁ ላይ የፈላ ውሃ ድፉበት፣ ለቀዩም ተባይ ይሆናል።

መቀላቀሉ ራሱ ጥቂት ቀን ይፈልጋል። መጀመሪያ በሽቦ ተለያይተው ይተያዩ፣ ከዛ አንድ ማታ ነባሮቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ አዲሷን አጠገባቸው አስቀምጧት። ጠዋት ይጣላሉ፣ ማን የበላይ እንደሆነ እስኪለዩ መነካከሱ አይቀርም፣ አትግቡ። መኖና ውሃ ግን ሁለት ቦታ አርጉ፣ የተባረረችው ሳትበላ እንዳትውል። ደም ከፈሰሰ ግን ወዲያው ለዩአት፣ ሌሎቹ ደም ካዩ አይተዉአትም፣ ቁስሉን በጨው ውሃ እጠቡና ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ለብቻዋ ትቆይ።